ካውች ቱ ፋይቭ ኬ ለግቢ ተማሪ፦ የዘጠኝ ሳምንቱ ሶምሶማ ሲመዘን

ጭንቀት የጸናበት፣ እንቅልፉ የተዛባ ወይም ከዶርም መውጣት ያስጠላው የግቢ ተማሪ «ስፖርት ሥራ» የሚል ምክር ከጓደኛም ከቤተሰብም ከመምህርም ይሰማል። በሳምንት ስንት ቀን፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከየት ተጀምሮ የሚለውን ግን የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እስኪያለከልክ ይሮጣል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። «የኃይሌና የደራርቱ አገር ልጅ ሆነህ!» የሚለው ቀልድም አይረዳም፤ ሮጦ የማያውቅ ሰው ሰው ፊት ቀስ ብሎ መሮጥ እንዲያፍር ነው የሚያደርገው።

ካውች ቱ ፋይቭ ኬ («ከሶፋ እስከ 5 ኪሎ ሜትር» ማለት ነው) ለእንዲህ ዓይነቱ ጀማሪ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። በ9 ሳምንት ውስጥ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ከ1 ደቂቃ ሶምሶማ አስጀምሮ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ እስከ መሮጥ ያደርሳል። ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ኃይሌ በአትላንታ 10,000 ሜትሩን፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፉበት ዓመት። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በመተግበሪያ ያሰራጨው ቅጂ ነው። እዚህ የምንመዝነው እሱን ሲሆን ጥያቄያችንም አንድ ነው፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ግቢ ለሚኖር ተማሪ አእምሮ ምን ይፈይዳል?

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ሰሌዳው በጣም ጥሩ ነው። መተግበሪያው ግን የግድ አያስፈልግም። ስሙ ላይ ያለው 5 ኪሎ ሜትር ደግሞ ቢረሳ ይሻላል፤ ለአእምሮ የሚሠራው ርቀቱ ሳይሆን በሳምንት ሦስት ቀን መውጣቱ ነው።

ሰሌዳው በቁጥር

እያንዳንዱ ልምምድ በ5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጀምርና በ5 ደቂቃ እርምጃ ይዘጋል። መሐሉ በየሳምንቱ ይለያያል። በ1ኛው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማና 90 ሰከንድ እርምጃ እየተፈራረቁ 20 ደቂቃ ይሞላሉ። በ2ኛው ሶምሶማው 90 ሰከንድ፣ እርምጃው 2 ደቂቃ ይሆናል፤ ጠቅላላው ያው 20 ደቂቃ ነው። 3ኛው ሳምንት 90 ሰከንድ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 3 ደቂቃ እርምጃ ነው፤ ይህ ሁለት ጊዜ ይደገማል። በ4ኛው 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ 5 ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል እርምጃ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃና 5 ደቂቃ ሩጫ ይመጣል።

በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ሦስቱ ቀናት እርስ በርስ አይመሳሰሉም። በ5ኛው ሳምንት የመጀመሪያ ቀን 5 ደቂቃ ሩጫ ሦስት ጊዜ፣ በመሐል የ3 ደቂቃ እርምጃ እየገባ። በሁለተኛው ቀን 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 5 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ደቂቃ ሩጫ። በሦስተኛው ቀን 20 ደቂቃ ያለ እረፍት። 6ኛው ሳምንት በ5፣ 8 እና 5 ደቂቃ ሩጫ ይከፈታል፣ ቀጥሎ 10 እና 10 ይሆናል፤ በሁለቱም ቀናት በመሐል 3 ደቂቃ እርምጃ አለ። ሦስተኛው ቀን ግን 25 ደቂቃ ሳይቋረጥ ነው። 7ኛው ሳምንት በሙሉ 25 ደቂቃ፣ 8ኛው 28፣ 9ኛው 30።

ፕሮግራሙን የሞከሩ ሁሉ የሚያወሩት ስለ 5ኛው ሳምንት ሦስተኛ ቀን ነው፤ ከ8 ደቂቃ ተነስቶ 20 ደቂቃ መግባት ያስፈራል። የደቂቃው ድምር ሲታይ ግን ዳገቱ ቀደም ብሎ ነው ያለው። በ3ኛው ሳምንት በአንድ ቀን የሚሮጠው ጠቅላላ ጊዜ 9 ደቂቃ ነው፤ በ4ኛው በአንዴ 16 ደቂቃ ይሆናል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእግር አገዳ ሕመምና «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» የሚባለው በዚህ ሳምንት የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የ5ኛው ሳምንት 20 ደቂቃ በብዛት የሐሳብ ፈተና ነው፤ ባለፈው ቀን 16 ደቂቃ የሮጠ እግር፣ ፍጥነቱ ከተቀነሰ፣ ተጨማሪ 4 ደቂቃ ይችላል። የ4ኛው ሳምንት ዝላይ ግን የአጥንትና የጅማት ጉዳይ ነውና በድፍረት አይታለፍም። የእኛ ማስተካከያ 3ኛውን ሳምንት ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። በድጋሚው ሳምንት የ90 ሰከንዷን ሩጫ ወደ 2 ደቂቃ፣ የ3 ደቂቃዋን ወደ 4 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ድምሩ 12 ደቂቃ ይሆንና ወደ 16 የሚደረገው መሸጋገሪያ ይለሰልሳል።

ስለ 5 ኪሎ ሜትሩም እውነቱ ይነገር። በ30 ደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መሮጥ ያስፈልጋል። አብዛኛው ጀማሪ በ8 ደቂቃ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ 9ኛው ሳምንት ሲያልቅ የሚሸፈነው 3.75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ400 ሜትር መም ላይ ከ9 ዙር ትንሽ በለጥ ያለ። ይህ አስቀድሞ በግልጽ ቢታወቅ ኖሮ ብዙ ሰው በመጨረሻው ቀን «ወደቅሁ» ብሎ አያዝንም ነበር።

ለአእምሮ ምን ያህል ይበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1999 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባድ ድባቴ ያለባቸውን 156 ሰዎች በሦስት ከፍለው ለ16 ሳምንት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፣ ሌላው ስፖርት ሠራ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። መድኃኒቱ ቶሎ መሥራት ጀመረ፤ በ16ኛው ሳምንት ግን ሦስቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ውጤት ላይ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ 50 ዓመት ያለፋቸው በመሆናቸው ግኝቱን በ20 ዓመት ተማሪ ላይ እንዳለ መለጠፍ አይቻልም። ለእኛ የሚጠቅመው የተሰጠው መጠን ነው፤ በሳምንት 3 ቀን፣ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 30 ደቂቃ ያልተቋረጠ እርምጃ ወይም ሶምሶማ፣ 5 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ከካውች ቱ ፋይቭ ኬ 9ኛ ሳምንት ጋር አስተያዩት፤ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ጥናቱ 16 ሳምንት ሲፈጅ ፕሮግራሙ በ9 ማለቁ ነው። ሙሉ መጠኑ ላይ በተደረሰ ማግስት ያቆማል። አንድ ሴሚስተር ወደ 16 ሳምንት መሆኑን ስናስብ፣ ቀሪውን 7 ሳምንት ምን እንደምናደርግበት ከወዲሁ ማቀድ አለብን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

«ሩጫ ኢንዶርፊን የተባለ ደስ የሚያሰኝ ንጥረ ነገር ያመነጫል» የሚለው ማብራሪያ ከሚገባው በላይ ተወርቷል። በተማሪ ላይ ቶሎ የሚታየው ሌላ ነው። ጠዋት በቀን ብርሃን ግማሽ ሰዓት ውጭ መቆየት የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ላይ ለሚያፈጥ ሰው ትልቁ ትርፍ ይኼ ነው። ደግሞም ድባቴ የያዘው ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይላል፤ ደስታው የሚመጣው ግን ከወጣ በኋላ ነው። ሰሌዳው ስሜት አይጠይቅም፤ ማክሰኞ 60 ሰከንድ ሩጥ ይላል፣ በቃ። ትንሽነቱ ነው ጉልበቱ። ሁለት ሰዓት ጂም መግባት የሚያቅተው ሰው 60 ሰከንድን እምቢ ለማለት ምክንያት ያጣል።

ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት ለሚያጠቃቸው ተማሪዎች ፕሮግራሙ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ልብ ድብ ድብ ሲል፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ላብ ሲያሰምጥ «ልሞት ነው» የሚያሰኘው ስሜት ከሩጫ ስሜት ጋር በአካል ደረጃ ይመሳሰላል። በ1ኛው ሳምንት ልብ ለ60 ሰከንድ ይፈጥናል፣ በ90ው ሰከንድ እርምጃ ውስጥ ተመልሶ ይረጋጋል፤ በአንድ ጠዋት 8 ጊዜ። ሰውነት የልብ መፍጠን አደጋ አለመሆኑን፣ ራሱ መጥቶ ራሱ እንደሚሄድ በልምምድ ይማራል። እንዲህ ዓይነት ተማሪ በእርምጃው ወቅት እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ የልብ ምቱ ሲወርድ ቢከታተል ጥሩ ነው። 2ኛው ሳምንት ላይ ለመድረስም አይቸኩል።

የማይሠራውንም እንናገር። ሩጫ የኮስት ሼሪንግ ሐሳብን፣ የዲፓርትመንት ምደባ ቅሬታን ወይም የቤት ችግርን አያነሳም። የታዘዘ መድኃኒት ካለም ሩጫ ስለተጀመረ አይቋረጥም። ከመጀመራችሁ በፊት ፒ ኤች ኪው 9 የተባለውን የድባቴ መለኪያ መጠይቅ ሙሉ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፣ ጠቅላላው 27 ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሩጫው ይቀጥል፣ ግን የግቢውን ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ጨምሩበት። 9ኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፤ መልሱ ከ0 ውጭ ከሆነ የጠቅላላው ድምር ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ክሊኒክ መሄድ ወይም ለሚታመን ሰው መንገር ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። መጠይቁን በ5ኛውና በ9ኛው ሳምንት መድገም ነው፤ በየቀኑ መሙላት ራሱ ጭንቀት ይሆናል።

የእኛ አገር አየር፣ የእኛ ግቢ መሬት

ሰሌዳው የተጻፈው ለቆላማ አገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ይጠጋል። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ተመድቦ ደብረ ብርሃን የገባ ፍሬሽማን በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሹ ቢያጥር ስንፍና አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ ብቻ ቢያሳልፍ፣ ከዚያ 1ኛውን ሳምንት ቢጀምር ይሻለዋል። በብርዳማ ከተማ ማሟሟቂያውን ከ5 ወደ 8 ደቂቃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ ተማሪ ፀሐይ ሳትበረታ መጨረስ አለበት።

የፍጥነት መለኪያው ንግግር ነው። እየሮጣችሁ ስማችሁን፣ ዲፓርትመንታችሁንና የዶርም ቁጥራችሁን በአንድ ትንፋሽ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። አንዱን የ400 ሜትር ዙር ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይህን ፈተና ይወድቃል። ቀስ ማለት ማለት ከፈጣን እርምጃ እምብዛም የማይበልጥ ሶምሶማ ማለት ነው፤ አጠገባችሁ የሚራመድ ሰው ቢያልፋችሁም ምንም አይደለም።

መሬቱን በተመለከተ ጠላታችን ኮብልስቶን ነው። የብዙ ግቢ መንገድ በእሱ የተነጠፈ ነው፤ ለመራመድ ደህና ሲሆን ለሩጫ ግን በየእርምጃው ቁርጭምጭሚት ያዞራል፣ ጠዋት በጤዛ ሲርስ ደግሞ ያንሸራትታል። ከኮብልስቶን አስፋልት ይሻላል፤ ከአስፋልት ደግሞ የኳስ ሜዳ ዳር። ሙሉ መጠን ያለው የኳስ ሜዳ ዙሪያው 350 ሜትር አካባቢ ነው። በየ5 ደቂቃው አቅጣጫ መቀየር ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ በአንድ በኩል መዞር አንዱን ጉልበት ይጎዳል። 6 ኪሎ አካባቢ ያላችሁ ጃን ሜዳ ቅርባችሁ ነው። ክረምት ሜዳው ጭቃ ሲሆን ዳገት የሌለው አስፋልት ፈልጉ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ጠዋቱ ይተርፋል።

ጫማ። ሰልባጅ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ስኒከር ይበቃል፣ ግን ሳይፈተሽ አይገዛም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። በሶሉና በላይኛው ክፍል መሐል ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጫኑት፤ ገብቶ ካልተመለሰ ወይም ጎኑ ላይ ብዙ የተሸበሸበ መስመር ካለ አልቋል ማለት ነው። ቆማችሁ ስትለኩት ከትልቁ የእግር ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ አለበለዚያ ጥፍር ይጠቁራል። ሸራ ጫማ ሣር ላይ እስከ 3ኛው ሳምንት ድረስ ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ አይመከርም።

ቀን አመራረጥ ላይ መተግበሪያው «በመሐል አንድ ቀን እረፍት» ከማለት አያልፍም። ብዙ ሰው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ይመርጣል። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ኦርቶዶክስ ተማሪ ግን ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ይሻላሉ፤ ከአጽዋማት ወቅት ውጭ ሦስቱም የፍስክ ቀናት ስለሆኑ ከሩጫ በኋላ ወዲያው ቁርስ ይበላል። ሰኞና ሐሙስ ለሚጾም ሙስሊም ተማሪ ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ እሑድ ይስማማሉ። በረመዳን ልምምዱን ማፍጠሪያው 40 ደቂቃ ሲቀረው መጀመር ነው፤ ጨርሶ ሲቀመጥ ውሃው ይደርሳል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰውም ከምግቡ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቢሮጥ ይሻለዋል። በእነዚህ ወራት አዲስ ሳምንት አይጀመርም፤ ያለበትን ይደግማል።

ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት ምርጡ ሰዓት ጠዋት 12፡30 ነው። ነግቷል፣ ቢረዝም በ1፡10 ይጠናቀቃል፣ ካፌ ሳይዘጋ ቁርስ ይደረሳል፣ የ2 ሰዓት ክላስ አያመልጥም። ጤነኛ ሰው 30 ደቂቃ ባዶ ሆዱን ቢሮጥ ችግር የለውም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። ጫት ግን ሌላ ነገር ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በምርቃና ላይ ሆኖ መሮጥ ልብ ላይ ሸክም መደራረብ ነው። ሲቃም ያደረ ሰው በማግስቱ 30 ደቂቃ ይራመድ እንጂ አይሩጥ።

ሴት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የሰው ዓይንና ደኅንነት ነው። ሦስት ሆኖ መውጣት፣ ከግቢ አጥር አለመውጣት፣ ጎህ ሳይቀድ አለመጀመር። በቂ ድጋፍ የሚሰጥ የስፖርት ጡት መያዣ ከጫማ እኩል አስፈላጊ መሣሪያ ነው። ሳምንታት አልፈውም ድካሙ ካልቀነሰ፣ ደረጃ ሲወጡም ዓይን የሚያጨልም ከሆነ፣ ክሊኒክ ሄዶ የደም ማነስ መመርመር ይገባል።

መተግበሪያው ወይስ ፊሽካ?

መተግበሪያው ነፃ ነው፤ በጆሮ «አሁን ሩጥ፣ አሁን ተራመድ» ይላል። ድምፁን መምረጥ ይቻላል። የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፣ ቀላል ነው፣ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይከታተለዋል። ችግሩ ሌላ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ብቻውን ይቀራል። ለጭንቀትና ለብቸኝነት ከሩጫው እኩል የሚጠቅመው አብሮ የሚወጣ ሰው መኖሩ ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ፊሽካ ከመተግበሪያው ይበልጣሉ። 3 ወይም 4 ሆናችሁ ውጡ፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ሩጫ፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ እርምጃ። ፍጥነቱን ሁልጊዜ የሚወስነው በጣም ቀርፋፋው ነው። ይህ ሕግ ከፈረሰ ቡድኑ በሁለተኛው ሳምንት ይበተናል፤ ፈጣኑ ይሰለቻል፣ ቀርፋፋው ያፍራል።

ፊሽካው ዶርም የሚቀሰቅስ ከሆነ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። በአንድ ስልክ የሰዓት መቁጠሪያ ክፈቱ፣ በሌላው ቅጂ ጀምሩ፣ ሰሌዳውን እያያችሁ በየተራው «ተራመዱ»፣ «10 ሰከንድ ቀረ»፣ «ሩጡ» በሉ። ሩጫዎቹ 27 ቢሆኑም ከ1ኛው እስከ 4ኛው እና ከ7ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ሦስቱ ቀናት አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሚያስፈልጉት ቅጂዎች 13 ብቻ ናቸው። በቴሌግራም ከተላኩ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራሉ። ስልኩን ማታ ቻርጅ ማድረግን አትርሱ፤ መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ በዋዜማው ነው።

የሚያጋጥሙ ሕመሞች ላይ መተግበሪያው አጭር ነው። በጣም የተለመደው በእግር አገዳ ውስጠኛ ጎን የሚሰማው ነው። በጣት ዳሱት። ሕመሙ ከስንዝር እስከ ግማሽ ስንዝር ተዘርግቶ ከተሰማ ከልክ በላይ መጫን ነው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን አርፎ፣ ሣር ላይ ተመልሶ፣ ያለፈውን ሳምንት መድገም ይበቃል። ሳንቲም በምታህል አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሌሊትም የሚያም ከሆነ፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ይቁም፤ ክሊኒክ ሂዱ። ይህን ዓይነቱን ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ያባብሰዋል። ጎን ሲወጋ ፍጥነት ቀንሶ ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። ደረት ላይ የሚጨመድድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያልተስተካከለ የልብ ምት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በልጅነቱ የጉሮሮና የመገጣጠሚያ ሕመም ተከትሎ «ልብህ ተነክቷል» የተባለ ሰው ሐኪም ሳያይ 1ኛውንም ሳምንት አይጀምር።

ሩጫ ጨርሶ የማይሆንለትም አለ፤ ግድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 218 ጥናቶችንና ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎችን አጠቃልሎ የወጣ ትንታኔ ድባቴን በመቀነስ ረገድ እርምጃና ሶምሶማ፣ ዮጋ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ ሥራ የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን አስቀምጧል፤ የብዙዎቹ ጥናቶች ጥራት ደካማ መሆኑንም አልደበቀም። ፑሽ አፕና ስኳት በዶርም ወለል ላይ ይሠራሉ።

ውጭ አገር ለሚማሩ አንድ ነገር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ የገባ ተማሪ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይን የሚያያት በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እዚያ የጠዋቱ ምክር አይሠራም፤ እኩለ ቀን ላይ በክላሶች መሐል መሮጥ ነው። ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በእንግሊዝ ፓርኮች የሚደረገው ፓርክረን አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በለንደን ቡሺ ፓርክ የተጀመረ፣ 5 ኪሎ ሜትር፣ ነፃ፣ መራመድም የሚፈቀድበት ነው፤ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ባርኮድ ይዞ መሄድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ፈተና፣ እና ከ9ኛው ሳምንት ወዲያ

ሩጫ የሚተወው በሚድና በፋይናል ሰሞን ነው፤ በጣም የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ። በሴሚስተሩ 2ኛ ሳምንት የጀመረ ተማሪ ሚድ ሲደርስ 6ኛው ወይም 7ኛው የፕሮግራም ሳምንት ላይ ይሆናል። በፈተና ሳምንት ወደፊት አይገፋም። ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ ብቻ፣ ከሁሉም በፊት ጠዋት፤ ሲያነብ ያደረ ሰው ደግሞ ሩጫውን በእርምጃ ይተካ። አንድ ሳምንት ያመለጠው ያለፈውን ሳምንት ይደግማል፣ ሁለት ሳምንት ያመለጠው ሁለት ሳምንት ወደኋላ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ 3ኛው ሳምንት ላይ መጀመር ነው፤ 1ኛው ድረስ መውረድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

9ኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ሰሌዳው ዝም ይላል፤ ትልቁ ድክመቱም ይኼ ነው። ግብ ያጣ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አልጋው ይመለሳል። ስለዚህ ቀሪዎቹን 7 ሳምንታት እንዲህ ሙሏቸው፦ በሳምንት አንዱን ሩጫ ብቻ በ2 ደቂቃ አስረዝሙ፣ ሁለቱ 30 ደቂቃ ላይ ይቆዩ። በ5 ሳምንት ረጅሙ ሩጫ 40 ደቂቃ ይደርሳል፤ ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው 5 ኪሎ ሜትሩ ይኸው መጣ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ለፋይናል ናቸው፤ በእነሱ 20 ደቂቃ ይበቃል። የሚቀጥለው ግብ ኅዳር ላይ በአዲስ አበባ የሚደረገው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለእሱ ረጅሙ ሩጫ 60 ደቂቃ ቢደርስ ይበቃል፤ የሚቀረውን መራመድ ይቻላል። ቲሸርቱ ቀድሞ ያልቃልና ምዝገባው ሲከፈት መመዝገብ ነው።